የማሂ ምስክርነት

የግንቦት ልደታ ዕለት ጠዋት፣ ታየች በሯ ላይ ቁጭ ብላ የንፍሮውን ስንዴና ሽንብራ ስታጥብ ትርንጎ መጣች። ልጇን ናዝሬትን አዝላታለች። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ በደህናው ጊዜ አትታዘልም ነበር፤ ናዝሬት ግን ከታመመች ወዲህ ሰውነቷ አልቆ እናቷ ጀርባ ላይ መኖሯም አያስታውቅም። ራሷ በነጭ ሻሽ ተጠምጥሟል። ከሻሹ ሥር ፀጉር እንደሌለ የጌጃ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል።

«እንኳን አደረሰሽ» አለች ትርንጎ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ምነው ቆምሽ? ግቢ እንጂ።»

«አልገባም፣ ታየቼ። አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው። ካንቺ በፊት ማንም እንዲሰማው አልፈለግኩም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ ቀጠሮዋ ነው። አልወስዳትም።»

የታየች እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«አልወስዳትም ማለቴ ነዋ! ባለፈው በጀርባዋ ሲወጓት ያዥልን አሉኝ፤ እኔው ነኝ አንገቷን ደፍቼ የያዝኳት። ‹እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው?› አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልወርድልሽ ብሎኛል። በቃኝ። ነገ ማልጄ ጠበል ይዣት እወጣለሁ፤ መድኃኒት የሚባል ነገር ሁለተኛ አፏ አይገባም።»

«ትርንጎ...»

«ደግሞ አንቺ እንዳታስፈራሪኝ! ያንቺስ ማሂ? ‹ሐኪም ተስፋ የቆረጠባትን ልጄን ልደታ በእጇ ዳሰሰችልኝ› ብለሽ እዚሁ መንገድ ላይ አልመሰከርሽም? ናዝሬት ያኔ ሆዴ ውስጥ ነበረች። ቆሜ አልቅሻለሁ እኮ። ዛሬ ደግሞ ማሂ ራሷ ትመሰክራለች ብለው እማማ ጠጅቱ ነግረውኛል። እሷን ሰምቼ ነው የምሄደው።»

ናዝሬት ከእናቷ ትከሻ በላይ ብቅ ብላ ታየችን አየቻት። ቅንድብ የሌላቸው፣ ፊቷን ሁሉ የሞሉ ዓይኖች ናቸው። ታየች እነዚህን ዓይኖች በሌላ ልጅ ፊት ላይ ታውቃቸዋለች፤ ብዙ ሌሊት አጠገባቸው ተቀምጣለች። መናገር የነበረባት ያኔ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሷ ግን፣ «እንግዲህ... አንቺው ታውቂያለሽ» አለች።

ይህች ንግግር ለፈሪ ሰው የተሠራች ናት። ምክር ትመስላለች፤ ውስጧ ግን ምንም የለም። ትርንጎ እንደ ምርቃት ተቀብላት ልጇን ከፍ አድርጋ አዝላ ወደ ቤቷ ሄደች።

እውነቱ ሌላ ነበር። በማሂ ላይ ተስፋ የቆረጠ ሐኪም የለም። ማሂ ልክ የናዝሬትን ያህል ሆና ሳለ የደም ካንሰር ተገኘባት። ታየች ለመንደሩ «ጠበል ላይ ነን» ብላ ጀሞ እህቷ ቤት ገባች፤ ከዚያ እየተነሳች ነው ልጇን ሆስፒታል ስታመላልስ የከረመችው። ጠበሉም ውሸት አልነበረም፤ ባለቤቷ ኃይለመለኮት ከጅቡቲ መንገድ በተመለሰ ቁጥር በጀሪካን እየቀዳ ያመጣላቸው ነበር። ግን በደም ሥሯ የሚንጠባጠበው መድኃኒት ነበር፤ በጀርባዋ የሚገባው መርፌ ነበር፤ ጠዋትና ማታ እየታቀፈች የምትውጠው ኪኒን ነበር። ካንሰር የሚለውን ቃል ለጎረቤት ከምትናገር ታየች ምላሷን ብትቆርጥ ትመርጥ ነበር። ቃሉን የሰማ ሰው ልጅቷን በቁሟ ሊያለቅሳት ይጀምራላ!

ሕክምናው አልቆ፣ የማሂ ፀጉር ተመልሶ፣ ጌጃ ሰፈር በተመለሱበት ዓመት የመንደሩ ሴቶች ለልደታ እንደተለመደው መንገድ ላይ ተሰበሰቡ። እማማ ጠጅቱ፣ «ተነሽና ያየሽውን መስክሪ» አሏት። ከሷ በፊት የተነሱት ሴቶች ሁሉ «ሐኪም ተስፋ ቆርጦ» እያሉ ነበር የጀመሩት። ታየችም በዚያው ጀመረች። ልዋሽ ብላ አይደለም፤ ምስክርነት እንዲያ ሲጀመር ነው የሰማችው። አንዴ ከጀመረች በኋላ መድኃኒቱን የት ጋ እንደምታስገባው ጠፋት። «አንዲት ጉድለት ሳይኖርባት እንደ ድሮዋ አድርጋ መለሰችልኝ» ብላ ጨረሰች። እልልታው ቀለጠ።

ጉድለቱ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ገና በአራት ዓመቷ ፊደል ቆጥራ የጨረሰችው ማሂ፣ የታክሲ ረዳት ሲጮህ ሰምታ የመሳለሚያን መንገድ ከነፌርማታው በቃሏ ትል የነበረችው ማሂ፣ ትምህርት ቤት ገብታ ነገር እምቢ አላት። መምህሩ የጻፈውን ገልብጣ ሳትጨርስ ሰሌዳው ይጠፋል። ማታ የያዘችው የማባዛት ሠንጠረዥ ጠዋት የለም። የሆነ ነገር ሲጠይቋት መልሱን ከሩቅ አገር የምታስመጣው ይመስል ትቆያለች፤ መልሱ ሲደርስ ጠያቂው ሄዷል። አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ክፍል ደግማ በዕድሜ ከሚያንሷት ልጆች ጋር ትማራለች።

ይህ ምን እንደሆነ ታየች ከማንም በላይ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት ለክትትል ሲሄዱ ዶክተሯ ማሂን ውጭ አስቀምጣ ነግራታለች።

«እናቴ፣ በሽታው አንጎል ውስጥ እንዳይደበቅ መድኃኒቱን እዚያ ድረስ መላክ ነበረብን» አለቻት። «ያ መድኃኒት አንዳንድ ልጆች ላይ ምልክት ይተዋል። ሁሉም ላይ አይደለም። እሷ ላይ ግን የተወ ይመስለኛል። ይዘገያሉ፤ ይረሳሉ፤ ብዙ ነገር ባንዴ ሲነገራቸው ይጠፋባቸዋል። ስንፍና አይደለም። ለትምህርት ቤቷ ይንገሩ፤ ከፊት ትቀመጥ፤ ፈተና ላይ ጊዜ ይጨመርላት። ለራሷም ይንገሯት፤ ትልቅ ልጅ ናት።»

«መድኃኒቱ ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«መድኃኒቱ ባይኖር ይህን የምናወራላት ልጅ አትኖርም ነበር።»

ታየች አመስግና ወጣች፤ ለማንም አልተነፈሰችም። ለኃይለመለኮት እንኳ። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዳ ተመልሳለች። ምክንያቷን ቢጠይቋት እፍረት ነው ትል ይሆናል፤ እፍረት ብቻ ግን አልነበረም። አንዲት ሴት ምስክርነቷን ብትክድ በሽታው በእጥፍ ተመለሰባት ሲባል በልጅነቷ ሰምታለች። ‹አንዲት ጉድለት የለባትም› ያለችውን ዛሬ ‹አለባት› ብትል ያ ነገር ተመልሶ የማሂ ደም ውስጥ እንደሚገባ ሆዷ ያምናል። ማሂ ትንሽ በደከማት ቁጥር፣ እግሯ ላይ ሰማያዊ ምልክት በታየ ቁጥር፣ የታየች ልብ ድንግጥ ይላል። ስለዚህ ዝም አለች። ዝም ማለቱ ደግሞ እየዋለ ወደ ቁጣ ዞረ። «ሰነፍ! ልብሽን የት ነው የምትጥይው?» ማለት ለመደች። ያወቀችውን እንዳላወቀች ለመሆን ልጇን እንደ ሰነፍ መቅጣት ነበረባትና ቀጣቻት።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ደፈነ። ንፍሮው ምድጃው ላይ ይንተከተካል። ታየች ማሂን ፊቷ አቁማ የምስክርነቱን ቃል ታስጠናታለች።

«እንደገና በይ።»

«ስሜ ማህሌት ኃይለመለኮት ይባላል። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ታምሜ ነበር።» ማሂ ቆመች። ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። የቀሚሷን ጠርዝ ትጠቀልላለች፤ ትፈታለች።

«ሐኪም...» አለች ታየች።

«ሐኪም... ልደታ...»

«‹ሐኪም ተስፋ ቆርጦብኝ ነበር!› አራት መስመር እኮ ነው ማሂ! ከጠዋት ጀምሮ አራት መስመር! ጨውና ስኳር አምጭ ስልሽ ሻማ ብቻ ይዘሽ መጣሽ። ጀይላን ሱቅ በር ላይ ቆመሽ ስታስቢ ሰው ሁሉ አይቶሻል። ሆነ ብለሽ ነው?»

«ሆነ ብዬ አይደለም። ስይዘው ይጠፋል።»

የታየች እጅ ተነሳ። ማሂ አንገቷን ሰብራ ዓይኗን ጨፈነች፤ አልሸሸችም፤ ለምዳዋለች። ታየች ያነሳችው እጅ የት እንደሚወርድ ጠፍቷት አየር ላይ ቆየ፤ ኋላ ነጠላዋን አስተካከለችበት።

«ታጠቢ» አለቻት። «ነጩን ቀሚስሽን ልበሽ።»

ልጅቷ ስትወጣ ታየች ራሷን መያዝ አቃታት። የትርንጎ ነገር ከጠዋት ጀምሮ አልተዋትም። ለብቻዋ ልንገራት፣ ብላ ወሰነች። ማንም ሳይሰማ፣ ልደታም ሳትሰማ ከተቻለ። ንፍሮ በሳህን ቀድታ፣ ለማቅመስ መስላ፣ ጠባቧን መተላለፊያ ተሻግራ ትርንጎ ቤት ገባች።

ትርንጎ ብርድ ልብስ እየጠቀለለች ነበር። ባዶ ጀሪካን በሩ ሥር ቆሟል። ናዝሬት አልጋው ላይ ተጋድማ፣ ማቅለሽለሹ አልፎላት ይሁን አይታወቅም፣ ከጨርቅ አሻንጉሊቷ ጋር በሹክሹክታ ታወራለች።

«ትርንጎዬ፣ ጠዋት ያልሽኝን ነገር...»

«እንኳን መጣሽ!» ትርንጎ ከትራሱ ሥር የኪኒን ፌስታል አወጣች። «ይህን ጣይልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ልጥለው እልና እጄ እምቢ ይለኛል። አንቺ ያለፍሽበት ነሽ፤ ያንቺ እጅ አይፈራም።»

ታየች ፌስታሉን ተቀበለች። ውስጡ ያሉትን ማሸጊያዎች በዓይኗ ለየቻቸው። ቢጫዎቹን ኪኒኖች ማሂ በማር ነበር የምትውጣቸው። ታየች ልትናገር አፏን ከፈተች። ናዝሬት ከአልጋው፣ «ማሂ ዛሬ ትናገራለች? እኔም ስድን እናገራለሁ?» አለች።

«ትናገሪያለሽ የኔ እናት» አለች ትርንጎ፤ ልጇ ላይ ተደፍታ ሳመቻት። ስታለቅስ እንዳትታይ እንደሆነ ለታየች ገባት።

ታየች ፌስታሉን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ወጣች። አልጣለችውም። አልተናገረችምም። መተላለፊያው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ልጅ ለሞት ሲሸኝ ንፍሮ በሳህን ይዛ የቆመች ሴት፣ ብላ ራሷን ሰደበች። ከዚህ የከፋ ስድብም ታውቃለች፤ እሱንም ጨመረችበት።

አመሻሹ ላይ፣ ገና ሳይጨልም፣ መንደሩ መንገዱን ዘግቶ ተሰበሰበ። በርጩማው፣ የፕላስቲክ ወንበሩ፣ ጣውላው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቷል። ዳቦው መሃል ላይ፣ ንፍሮው በየሰፌዱ ቀርቧል። ልጆች እፍኝ እፍኝ እየዘገኑ ይሯሯጣሉ። እማማ ጠጅቱ ጋቢያቸውን ደርበው በዋናው ወንበር ተቀምጠዋል። በዚህ መንደር ያላዋለዱት ሴት፣ ያልገሠጹት ባል የለም፤ ልደታንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ጸሎት ተደረገ፤ ዳቦው ተቆረሰ። አንዷ ልጇ ሥራ እንዳገኘ፣ ሌላዋ ወገቧ እንደተሻላት ተናገረች፤ እልል ተባለ።

ትርንጎ ከፊት ናት። ናዝሬት ጭኗ ላይ ተቀምጣለች። ታየች ከኋላ ተቀምጣ በነጠላዋ ውስጥ ፌስታሉን ጨብጣለች፤ ስትጨብጠው ይንኮሻኮሻል፤ የሰማ ሰው ያለ ይመስላትና ትለቀዋለች።

«እስቲ ማሂ፣ ነይ የኔ ልጅ» አሉ እማማ ጠጅቱ። «እናትሽ የነገረችንን ዛሬ ካንቺ እንስማው።»

ማሂ በነጭ ቀሚሷ መሃል ገባች። ቁመቷ ከፍ ብሏል፤ ጉንጯ ሞልቷል። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ያቺ አመድ የመሰለች ሕፃን ይህችን ሆነች ማለት ነው! ትርንጎ ወደ ናዝሬት ጆሮ ጎንበስ ብላ፣ «አየሻት?» ስትል ተሰማ።

«ስሜ ማህሌት ኃይለመለኮት ይባላል» አለች ማሂ። «የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ታምሜ ነበር።»

ከዚያ ቆመች።

ማሂ ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቀለች፤ የቀሚሷን ጠርዝ ጠቀለለች፤ ፈታች። የሆነ ልጅ ከኋላ ኪ አለ፤ እናቱ ቆነጠጠችው። «አፍራ ነው፤ አይዞሽ» አለ አንድ ድምፅ። ታየች ሳታስበው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ «ሐኪም... ሐኪም ተስፋ...» ማሂ የእናቷን ከንፈር አየችው። አነበበችውም። ግን ከንፈሩና ቃሉ አልገናኝ አሏት።

«እማዬ፣ ጠፋኝ» አለች።

ማንም አልሳቀም። ማሂ ግን የሳቁ መስሏት ይሁን፣ ወይ መቆሙ በዝቶባት፣ ቀጠለች፤ ያልተጠናውን ቀጠለች። «ይቅርታ። እኔ እረሳለሁ። ትምህርቱንም እረሳዋለሁ። ዕቃ ሲልኩኝም እረሳለሁ። ደደብ ስለሆንኩ ነው።» ትንሽ አሰበች። «ልደታ ስታድነኝ ጭንቅላቴን ረስታው ይሆናል።»

እማማ ጠጅቱ አማተቡ። ትርንጎ ናዝሬትን ወደ ደረቷ ሳበቻት፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማሂ ብቻዋን መሃል ላይ ቆማ የምትቀመጥበትን ሰዓት የሚነግራት ሰው ትጠብቃለች።

ታየች ተነሳች። እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። ያ የድሮ ፍርሃት፣ «ብትናገሪ ይመለስባታል፣ ይመለስባታል» ይላታል። በወንበሮቹ መሃል አልፋ ልጇ ዘንድ ደረሰች። በመጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቢኖር መዳፏን የማሂ ግንባር ላይ ማድረግ ነው፤ ትኩሳት እንዳለባት ለማየት፣ እንደ ልማዷ። ግንባሯ ቀዝቃዛ ነበር።

«ደደብ አይደለችም» አለች ታየች። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። ያኔ እዚህ ቆሜ የመሰከርኩት ግማሹ ውሸት ነው። ሐኪም ተስፋ አልቆረጠባትም። ሐኪም ነው ያከማት። ጠበል ላይ ነን ስላችሁ ሆስፒታል ነበርን። ፀጉሯ ረግፏል፤ በጀርባዋ ተወግታለች፤ ይዤ ያስወጋኋትም እኔው ነኝ። ጠበልም ጠጥታለች፤ ጸሎትም አድርገናል። መድኃኒቱን ግን አንድም ቀን አላቋረጥንም።»

«ምን?» አለች ትርንጎ። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ታየች ፌስታሉን ከነጠላዋ አወጣች። ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ፤ አሁን ሁሉም ሰማው። «አልጣልኩትም። ውሰጅው።»

ትርንጎ ናዝሬትን ጎረቤቷ ጭን ላይ አኖረችና ተነሳች። «ጠዋት በርሽ ድረስ መጥቼ ነገርኩሽ» አለች። «አንቺው ታውቂያለሽ አልሽኝ። ከሰዓት ቤቴ መጣሽ፤ መድኃኒቱን በእጅሽ ሰጠሁሽ። ዝም አልሽ! ነገ በሌሊት እሄድ ነበር እኮ! ልጄ ብትሞትብኝስ? ንፍሮ ይዘሽ ልታስተዛዝኚኝ ትመጪ ነበር?»

«ፈራሁ» ብቻ አለች ታየች።

«ምኑን?»

«ምስክርነቴን ባፈርስ ይመለስባታል ብዬ። አሁንም እየፈራሁ ነው።»

ትርንጎ ልትመታት የመሰለበት ጊዜ ነበር፤ ቅርብ ነበረች፤ ትንፋሿ ይሰማል። ነገር ግን ዓይኗ ወደ ማሂ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። የሚቀጥለው ጥያቄ ከቁጣው ይልቅ ከበዳት።

«መርሳቱ... የመድኃኒቱ ነው?»

እዚህ ጋ ታየች አሁንም መዋሸት ትችል ነበር። አይደለም ብትል ትርንጎ ነገ ያለ ጥርጥር ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። ለበጎ ነው ሊባልም ይችላል። ግን በበጎ ውሸት ምን እንደሚመጣ ማሂ ፊቷ ቆማ፣ የቀሚሷን ጠርዝ እየጠቀለለች ታሳያለች።

«የመድኃኒቱ ነው» አለች። «ሁሉም ልጅ ላይ አይደርስም ብላኛለች ዶክተሯ። ናዝሬት ላይ ላይደርስ ይችላል። ሊደርስም ይችላል። ስንፍና እንዳልሆነ፣ ለትምህርት ቤቷ እንድነግር፣ ለራሷ እንድነግራት ተመክሬ ነበር፤ ደብቄ ልጄን ሰነፍ እያልኩ ቀጣኋት። እኔ የበደልኳትን ያህል መድኃኒቱ አልበደላትም።»

ማሂ እናቷን አየቻት። የተባለውን ነገር ከኋላው እየተከተለች እንደሆነ ከዓይኗ ይታወቃል።

ትርንጎ ወደ ልጅቷ ቀረበች፤ ጎንበስ አለች። «ማሂዬ፣ በጀርባሽ ይወጉሽ የነበረውን መርፌ ታስታውሺዋለሽ?»

ማሂ አሰበች። ቆየች። በዚያ መንደር ማሂን ሳያቋርጧት፣ መልሱን ሳያቀብሏት ለመጀመሪያ ጊዜ የጠበቋት ያን ቀን ይመስላል።

«መርፌውን አላስታውሰውም» አለች በመጨረሻ። «እማዬ አንገቴን ይዛኝ ነበር። ፊቷ ፊቴ ላይ ነበር። እርጥብ ነበር። እሱን አልረሳሁትም።»

ትርንጎ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ናዝሬት ከጎረቤቷ ጭን ወርዳ፣ እየተንገዳገደች መጥታ፣ አሻንጉሊቷን ሰጠቻት። ከሴቶቹ ያላለቀሰ አልነበረም፤ ምን እንደተባለ በቅጡ ያልሰሙት ከኋላ ያሉትም አብረው አለቀሱ።

እማማ ጠጅቱ በዱላቸው መሬቱን መቱ። «በቃ፣ ለቅሶ ቤት አይደለም!» አሉ፤ እሳቸውም ግን በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገዋል። «አንቺ ታየች፣ ልደታን የምታህል እናት እውነት ስለተናገርሽ ልጅሽን ታሳምማለች? ምን ብትንቂያት ነው? ደግሞ መድኃኒት ጣሉ ያለችው መቼ ነው? እኔ የስኳር ኪኒኔን ጠዋት ጠዋት በምን የምውጠው ይመስላችኋል? በጠበሉ ነው! ጠይቃችሁኝ አታውቁም፤ አልነገርኳችሁም።» ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞሩ። «ስለት ያለሽ እንደሆነ ተናገሪ፤ ሊዘንብ ነው።»

ትርንጎ ፌስታሉን ከታየች እጅ ተቀበለች። ፊቷን አልጠረገችም። ናዝሬትን አንስታ እንደ ጠዋቱ ጀርባዋ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊቷ ታቀፈቻት።

«ነገ እወስዳታለሁ» አለች። «ልደታዬ፣ የመጣው ይምጣ። ትርሳ። ትምህርቱንም ትርሳው፤ የኔንም ስም ትርሳው። ብቻ የዛሬ ዓመት እዚህ ቁጭ ትበልልኝና እኔው ዳቦውን ጋግሬ አመጣለሁ።»

እልልታው ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን የቆርቆሮ ጣሪያው ሁሉ አስተጋባው።

ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ወንበሮቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ትርንጎ ለታየች ደህና እደሪ አላለቻትም። በሯ ላይ ስትደርስ ግን ዞር ሳትል፣ «ነገ ጠዋት እንዳታስጠብቂኝ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለቻት።

ቤት ሲገቡ ማሂ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ታየች ማድጋውን ስትከድን፣ ንፍሮውን ስታነሳ ቆይታ፣ የሚነሳ ነገር ሲያልቅባት፣ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ከየት እንደምትጀምር አታውቅም ነበር። ማሂ ጀመረችላት።

«መድኃኒቱ ነው? እውነትሽን ነው? ደደብ አይደለሁማ?»

«አይደለሽም። መድኃኒቱ በሽታውን ሲያባርር ያደረገው ነው። አውቄ ነው የደበቅኩሽ። ይቅር በይኝ፣ ማሂዬ። ነገ ከሆስፒታል ስንመለስ ትምህርት ቤትሽ እመጣለሁ፤ ለመምህሩ በአፌ እነግረዋለሁ።»

ማሂ ዝም አለች። ታየች እንደ ወትሮዋ «መልሺ እንጂ» ልትል ምላሷ ላይ መጥቶ መለሰችው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ።

«ነገም ንገሪኝ» አለች ማሂ።

«ምኑን?»

«ደደብ አይደለሽም ያልሽኝን። ልረሳው እችላለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ትርንጎ ናዝሬትን አዝላ በሩን አንኳኳች። ታየች ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ደጃፉን ከተሻገረች በኋላ አንድ ነገር ትዝ ብሏት ተመለሰች። ማሂ ገና አልተነሳችም። ታየች አልጋው ላይ ተደፍታ ትከሻዋን ነካች።

«ማሂ፣ ደደብ አይደለሽም» አለቻት።

ማሂ አንድ ዓይኗን ገለጠች። የእናቷን ፊት እስክትለይ ቆየች፤ ቃሉንም እስክታገኝ ቆየች። ታየች ጠበቀቻት።

«አውቃለሁ» አለች ማሂ። «ትናንት ነግረሽኛል እኮ።»